የጎልያድ ከረሜላ

እሁድ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዱባ ተሰበሰብን። ልድገመው... ስለ ዱባ።

ጥቅምት 24 የመከር ምስጋና ነው። ምእመኑ ያመረተውንም የገዛውንም እያመጣ መድረኩ ፊት ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ጎመን፣ ካሮት፣ ፖም፣ ዱባ። እኔ የማስታውሰው ሃያ ዓመት ነው፤ ዱባው ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ዘንድሮ አንዱ ሽማግሌ እጁን አወጣ። ይሄ ሽማግሌ ንግግሩን ሁሉ በ«ግን» ስለሚጀምር በዚህ ደብተር ላይ ስሙ አቶ ግን ነው። ፊቱ ላይ እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እስካሁን።

«ግን በዚህ ወቅት በዱባ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ?»

እናውቃለን። ጥቅምት 21 የጭምብል ማታ ነው። የሰፈሩ ልጆች ዱባ ፈልፍለው፣ ዓይንና ጥርስ አውጥተውለት፣ ሻማ ከተው በር ላይ ያስቀምጣሉ። እነሱ ደግሞ አጽም ወይ ጠንቋይ መስለው ቤት ለቤት እያንኳኩ ከረሜላ ይለምናሉ።

«የእኛ ዱባ እኮ ያልተፈለፈለ ነው» አለ ፓስተሩ ቀስ ብሎ።

«ግን ሊፈለፈል ይችላል።»

የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢዋ ብድግ አለች። ማይክራፎን ነው የምላት፤ ስለማያስፈልጋት። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል! የእነሱ የእነሱ፣ የእኛ የእኛ!» ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። አቶ ግን አልተንቀጠቀጠም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ውሳኔ፦ ዱባ ተልጦና ተቆራርጦ ከመጣ ይፈቀዳል። ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ለልጅ ልጅ።

ከዚያ እንደ ዓመቱ ልማድ፣ በጭምብሉ ማታ መብራት አጥፍተን፣ በር ቆልፈን፣ የለንም ብለን እንድንቀመጥ ተነገረን። የዓለም ብርሃን ነን የምንል ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን፤ የስድስት ዓመት ልጅ ፈርተን።

ቤት ገባሁ። ልጄ ዛሬም አልደወለችም። ሦስት ዓመት ያልደወለችን ልጅ «ዛሬም» ማለቴ ራሱ ያስቃል።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የልጄ ባል ስፌት ቤቴ መጣ። ጃኬት ይዞ፣ ዚፕ ላስቀይር ብሎ። ዚፕ የሚያስቀይር ሰው በመንገዱ ላይ ያሉትን ሦስት ሰፊዎች አልፎ እኔ ጋ አይመጣም። ጃኬቱን ተቀበልኩት።

«እማማ፣ ልንሄድ ነው» አለኝ። ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ጥቅምት 26 ዕቃ ይጭናሉ።

«እሷ ናት የላከችህ?»

«አይደለችም። እንደመጣሁም አታውቅም። ግን ልጅቷ ትጠይቃለች... ‹የኔ አያት የት ናት?› ትላለች።»

«ምን አላችኋት?»

«እዚሁ ናት፣ ሥራ ይበዛባታል አልናት።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይበለኝ።

ማንም ይህን ደብተር አያነበውምና እንዳለ ልጻፈው። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ የሁለት ዓመት ልጇን ንብ አስመስላ አለበሰቻት። ጠንቋይ አይደለም፣ አጽም አይደለም፣ ንብ! በዚያው በጭምብሉ ማታ ይዛት ወጥታ የጎረቤት በር አንኳኳች። ያን ዓመት ኮሚቴው በበዓሉ የተሳተፉ ቤተሰቦች ስም ከመድረክ ይነበብ ብሎ ወስኖ ነበር። «ለጸሎት» ተባለ። ለሐሜት የሚነበብ ስም ሁሉ ለጸሎት ነው የሚነበበው። አራት ስም ነበር። አራተኛው የልጄ።

ፓስተሩ ከአምልኮ በፊት ጠርቶኝ «ያንን አንዱን ብትዘይው ማንም ምንም አይልሽም» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ «ለልጄ ብዬ አላደላም» አልኩት። አነበብኩት። እሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ወጣች። ያ ነው የመጨረሻው።

የልጄ ባል ሲወጣ «ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ። ያኔ ያነበቡት መቶ ሰው ፊት ነው። በስልክ የሚመለስ አይመስለኝም።»

ዚፑን እንኳን ሳልቀይርለት ሄደ። ጃኬቱን ግን ትቶት ነው የሄደው። ብልህ ነው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ዛሬ ጠዋት ሳልጸልይ ወጣሁ። ቢያንስ ሳሌን አውቀዋለሁ።


እሁድ፣ ጥቅምት 10

ለውጥ መጣ! ዘንድሮ ጨለማ ውስጥ አንቀመጥም። ፓስተሩ ሐሳብ አመጣ። በዚያው ማታ የቤተክርስቲያኑ ልጆች አዳራሽ ይሰብሰቡ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችን መስለው ይልበሱ፣ ይዘምሩ፣ በጊዜ ወደየቤታቸው ይግቡ። ስሙ «የብርሃን ምሽት»።

«ግን ጭምብል እንዳይኖር» አለ አቶ ግን።

«ልብሱን ማን ይሰፋል?» ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ አንድ ልጅ፣ አሥራ አንድ ቀን።

ሳስበው... ልጄ ያኔ ያደረገችው ይሄንኑ አይደል? ልጇን አልብሳ አመሻሽ ላይ ማውጣት። ልዩነቱ ንቧ ኮሚቴ አልነበራትም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ወላጆች ልክ ሊያስለኩ እየመጡ ነው። እኔ ነቢያትና ሐዋርያት ነበር የጠበቅኩት። ልጅን አላወቅኩም ማለት ነው፤ አሳድጌ ሳበቃ።

የአቶ ግን የልጅ ልጅ ጎልያድ ካልሆንኩ ብሎ ሦስት ቀን አለቀሰ። አራት ሜትር ጨርቅ ፈጀብኝ። የማይክራፎን የልጅ ልጅ ፈርዖን። ሙሴ ሁን ብትለው «ሙሴ ሠረገላ የለውም» አላት፤ ምን ትመልስ? መንትዮቹ ቃየንና አቤል ናቸው፤ ማን ቃየን እንደሚሆን ሱቄ ውስጥ ተደባደቡ። እንግዲህ ልምምዱን ጀምረዋል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ኤልዛቤልን መረጠች፤ ለምን ስላት «ኩል ስላላት» አለችኝ።

የፓስተሩ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ነው። ራሱ ብቻ። ከካርቶን ትልቅ ትሪ ሠርቼለት፣ መሐሉን በስቼ አንገቱን አስገባሁለት፤ ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ። አባቱ አይቶ ዋጥ አደረገና «መጽሐፉ ላይ አለ» አለ።

ከሁሉም የወደድኳት የበለዓምን አህያ የሆነችውን ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ እውነቱ የታያት አህያይቱ ብቻ ናት። ኮሚቴያችን ውስጥ አንድ ብትኖር ስንቱ ስብሰባ ባጠረ።

ጴጥሮስ የሚሆን ጠፋ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ስልኬ ላይ «ሰላም ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። «ልትሄዱ ነው አሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ከሰዓት እስከ ሰፈሯ መግቢያ ሄጄ ተመለስኩ። ለራሴ «ክር ልገዛ ነው» ብዬ ነበር። ክር የሚሸጠው በሌላው አቅጣጫ ነው።

ምን ብዬ ልግባ? «ያኔ ያነበብኩት ሥራዬ ስለሆነ ነው» ልበል? ሥራዬ ልብስ መስፋት ነው።

አሥር ቀን ቀረ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! የትላንቱን ልጻፍ፤ እስካሁን እየሳቅኩ ነው።

ዝግጅቱ ራሱ መልካም ነበር። ጎልያድ አንዴ ወደቀ፣ ቃየን ከመዝሙሩ በፊት አቤልን ጨረሰው፣ ሌላው ሰላም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አበቃ። እኛ ወንበር ለማጠፍና ለመጥረግ ቀረን። ልጆቹን አቶ ግን ወደየቤታቸው ያድርስ ተባለ፤ የታመነ ሰው ነው። ባትሪውን ይዞ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ አሥራ አንዱን አሰልፎ ወጣ።

ማንም ያላሰበው ነገር አንድ ነው። መንገዱ የጭምብሉ ልጆች መንገድ ነው! በሩ ሁሉ ክፍት፣ ሰው ሁሉ ከረሜላ ይዞ ደጁ ላይ የቆመበት ሰዓት። የመጀመሪያዋ ባልቴት ጎልያድን ስታየው እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «እንዴት ያለ ግዙፍ ነው!» ብላ እፍኝ ሙሉ ሰጠችው። ፈርዖን አየ። ኤልዛቤል አየች። ከዚያ ማን ያቁማቸው? ሁለት መንገድ ሙሉ ለቀሙ። ከሁሉ የበዛው የተሰበሰበው ለመጥምቁ ነው። ትሪ አንገቱ ላይ ያለ ልጅ! ሰዉ በራሱ ዙሪያ ይከምርለት ነበር።

አቶ ግንስ? አንዱ ባለቤት ካፖርቱንና ጢሙን አይቶ «አንተስ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ያስፈራል!» ብሎ ለእሱም ሰጠው። ተቀበለ። የነገረችኝ አህያይቱ ናት፤ እሷ አትዋሽም። ወደ አዳራሹ ሲመለስ ጉንጩ በአንድ በኩል አብጦ ነበር።

«ምንድነው አፍህ ውስጥ ያለው?» አለችው ማይክራፎን።

«ግን እምቢ ማለት ነውር ነው» አለ፤ እየመጠጠ።

ከፈሩ ይደርሳል፣ ከጠሉ ይወርሳል። እንዲህ ከልቤ ከሳቅኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አስቸኳይ ስብሰባ። የሁሉም ፊት የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ሕጉ እንዳለ ነው፤ አልተሻረም። በበዓሉ የተሳተፈ ቤተሰብ ስሙ ይነበባል። አሥራ አንድ ልጅ። ስድስቱ የኮሚቴው ልጆችና የልጅ ልጆች።

«ግን ይሄ የተለየ ነው» አለ አቶ ግን። ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ልጆቹ አላንኳኩም። በሩ ክፍት ነበር።»

ማይክራፎን አንሾካሾከች። እውነቴን ነው፣ አንሾካሾከች! እንደምትችልበት አላውቅም ነበር። «ፍቅር ይሸፍናል... ለምን ስም እንጠራለን? ልጆች ናቸው።»

ፓስተሩ ጠረጴዛውን እያየ «ዘንድሮ ባይነበብስ?» አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማሙ። ስለ ዱባ ሁለት ሰዓት የፈጀ ኮሚቴ በአራት ደቂቃ ጨረሰ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ልጻፈው?» አልኩ።

«አይ... አይጻፍ።»

ይሄ ሸፋኝ ፍቅር ከሦስት ዓመት በፊት የት ሄዶ ነበር? ዕረፍት ወጥቶ? ወረቀቴ ላይ አሥራ አንዱንም ስም ጽፌያለሁ። ነገ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ። ማን ያስቆመኛል? ባነበው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ደርሼ «ግብዞች» ብዬ ልጽፍ ነበር። ጻፍኩትም። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ። እነሱ ግብዝ ናቸው፣ አዎ። ግን ተራው የልጆቻቸው ሲሆን ሕጉን ተዉት። እኔ ልጄን ተውኳት። ታዲያ ከእኛ ማን ነው የባሰው? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔው ነኝ።

አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ።


እሁድ፣ ጥቅምት 24

የመከር ምስጋና። ጠረጴዛው ላይ ዱባ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ለወጥ የተዘጋጀ መስሎ ተቀምጧል። ውሳኔውን ያልሰሙ አንዲት አሮጊት ግን ከበሮ የሚያክል ሙሉ ዱባ አምጥተው መሐል ላይ አስቀመጡት። ማንም አላነሳውም።

ማስታወቂያ ተባለ። ተነሳሁ። አቶ ግን መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ይጠርጋል። ማይክራፎን ዓይኗን ጨፍናለች። ስሞቹን ስብሰባው ላይ ስጽፍ አይተውኛል፤ ዝርዝሩ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ የኮሚቴው ሰው ሁሉ ያውቃል። የረቡዕን ጸሎት አነበብኩ፣ የመዘምራንን ልምምድ አነበብኩ፣ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ የልጄን ስም አንብቤአለሁ» አልኩ። «ዝለይው ተብዬ ነበር። አልዘለልኩም። ስለ እግዚአብሔር ብዬ እንዳይመስላችሁ። ‹ይቺ ሴት ለልጇ እንኳን አታደላም› እንድትሉኝ ነው። ብላችሁኛልም። ልጄ ያጠፋችው የለም። ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ይህንንም ለጸሎት ያዙልኝ።»

አንድ ሰው ሳለ።

«ግን...» አለ አቶ ግን።

«ተቀመጥ» አለው ፓስተሩ።

አሥራ አንዱን ስም አላነበብኩም። አቶ ግን ሲቀመጥ የወጣው ትንፋሽ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያነቃነቀ መሰለኝ። ቃለ ጉባኤውን ለፓስተሩ አስረክቤ ወጣሁ። አላባበለኝም፤ ደግ አደረገ።

ስልኬን እስከ ማታ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዋልኩ። አልደወለችም።


ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ማይክራፎን ባለችበት ከተማ እስከ ዛሬ ጠዋት ወሬው ልጄ ጋ ሳይደርስ አይቀርም። እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅኩ። ምንም።

ከዚያ ሳስበው... የምጠብቀው ምንድነው? እንድታመሰግነኝ? የባሏን ጃኬት አጠፍኩ፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ።

ራሷ ከፈተች። ከስታለች። እጇ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር፣ ከኋላዋ ካርቶን በካርቶን።

«ሰምቻለሁ» አለች፣ ሰላም ሳትለኝ። «አራት ሰው ደውሎልኛል።»

«እና?»

«እና ምን? የነገርሽው ለእነሱ ነው። ለእኔ ምን አልሽኝ?»

መቶ ሰው ፊት ያልተንቀጠቀጠ ድምፄ ደጃፏ ላይ ጠፋ። አንድ ነገር ጀመርኩ፣ ተቆረጠ። እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ «ይቅር በዪኝ ልጄ» ብቻ ወጣኝ፤ ያም በግድ።

እሷ ወደ ውጭ እያየች ተናገረች። «ስሜን አንብበሽ ዞር ብለሽ እንኳን አላየሽኝም፣ እማዬ። ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ ነው የሄድሽው። የጠፋ ጃንጥላ ነበር። ቡናማ፣ እጀታው እንጨት የሆነ። በር ላይ ደርሼ ሁሉ ስታነቢ ይሰማኝ ነበር።»

ጃንጥላውን ጨርሼ ረስቼዋለሁ። እሷ ቀለሙን ታውቃለች።

አለቀስኩ። ከዚያ «ቆመሽ ከምታለቅሺ ሳህኑን ጠቅልይ፣ ነገ መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለችኝ። አነጋገሯ ቁርጥ እኔን። እሰይ... ምስኪን ባሏ።

ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ሳህን በጋዜጣ ስጠቀልል ልጅቷ መጥታ ቆመች። አምስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ የለም። እኔ ሳላይ ወልቋል።

«የማትመጪው ሥራ በዝቶብሽ ነው?»

አዎ ልበል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይደለም፣ የኔ ልጅ። ፈርቼ ነው።»

«ምንን?»

«እናትሽን።»

አሰብ አደረገችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔም እፈራታለሁ» አለችኝ፤ ሳህንም አቀበለችኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ትላንት ሄዱ። ዝናብ ነበር። ልጄ መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ስለ ቤተክርስቲያን እንዳታነሺብኝ» አለች። «አላነሳም» አልኳት። አላቀፈችኝም። አድራሻውን ግን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

ዛሬ ፓስተሩ ሱቅ መጣ። አዲስ ጸሐፊ አግኝተዋል፤ ማይክራፎን ናት። ጎረቤቶቻችንን እግዚአብሔር ያጽናቸው። አቶ ግን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት የጎልያድን ልብስ አስረዝሚልኝ ብሎ ልኳል፤ ልጁ እያደገ ነው አሉ። ሕጉስ ስለው፣ ማንም አላነሳውም አለኝ።

«እሁድ እንጠብቅሽ?» አለኝ ፓስተሩ።

«እሁድ የለሁም።»

ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች፤ አልሄድኩም። አሁን በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ነው። የቅዳሜን ትኬት ቆርጫለሁ።